ፊታውራሪ ፒክሰልና የብሬብሩኩ ወንበር

ሐበሻ በሰፈረበት አገር ሁሉ አንድ የምስል ሐኪም አይጠፋም። ሳይጠራ ይመጣል፤ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፤ ቁጭ በል ሲሉት ሪሞቱ የት እንዳለ ይጠይቃል። የልጃችሁን ምርቃት ልታሳዩት ብትከፍቱለት እሱ የሚያየው ልጅቷን ሳይሆን የቆቧን ጠርዝ ነው። "እዩት፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቋል" ይላል። እናንተ እስከዚያች ደቂቃ ምንም አላያችሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማየት አትችሉም።

በሜልበርን ምዕራብ፣ ከብሬብሩክ እስከ ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ይህን ሹመት የያዘው ገብረመድኅን ነበር። ቀን ቀን አንድ የመድን ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ የቀረው ዕድሜው ለሰው ኮምፒዩተር የተሰጠ ነው። በሌለበት "ፊታውራሪ ፒክሰል" ይሉታል። ስሙ ጆሮው ደርሷል፤ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ሲራመድ ደረቱን ነፋ ያደርጋል የሚሉ አሉ።

ፊታውራሪው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መጋረጃ ያዘጋል፤ ፀሐይ ባለበት ምስል አይመረመርም። ቀጥሎ ከማተቡ ጎን ያንጠለጠላትን ፍላሽ ያወጣና የሚወዳትን የቪዲዮ ማጫወቻ ይጭናል፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣችው ለእሱ ማጫወቻ አይደለችም። በመጨረሻ "ከዜሮ" ይልና የነበረውን ማስተካከያ ሁሉ ጠርጎ ያጠፋል። የሰው እጅ በነካው ላይ መጨመር አይወድም። "ኧረ እኛ እንዲሁም ደህና እናያለን" ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። "ዓይናችሁ ለምዶት ነው።"

ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ አዜብ ቤት፣ የሠርግ ቪዲዮ አስተካከለ። ለካ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ኖሯል፤ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሙሽሮቹም ሚዜዎቹም ባንዴ ከሱ። የሙሽራዋ እናት "ልጄን ምን አደረግሃት?" ብለው ለስንት ጊዜ አኮረፉት። ማሪቢርኖንግ፣ ሱሌይማን ቤት፣ ሰው ሁሉ ለዋንጫ ጨዋታ ተሰብስቦ ሳለ የሣሩ አረንጓዴ አልጣመውም። ጎሉ ሲገባ እንግዳው የሚያየው የማስተካከያ ሰሌዳ ነበር፤ ሱሌይማን ጎሉን በጎረቤት ጩኸት አወቀ።

እስከዚህ ያስቃል። ዓለምጸሐይ ቤት ከሆነው በኋላ ግን አንዳንድ ሰው እሱን ሲያይ ፈገግታው መቀነስ ጀመረ። ከአገር ቤት የመጣ የለቅሶ ቪዲዮ ነበር፤ ድንኳኑ ጨለማ ነው። ፊታውራሪው የምስሉን ጨለማ ቀስ ብሎ አበራው። ከድንኳኑ ጥግ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት አሮጊት ወጡ፤ ፊት ለፊት ካሜራውን ያያሉ። ዓለምጸሐይ አላወቀቻቸውም። እናቷ ጋ ደወለች፤ እናቷም በዚያ ጥግ ሰው አልተቀመጠም አሉ። "እዚያው ነበሩ እኮ" አለ ገብረመድኅን ፍላሹን እየነቀለ። "ዓይናችሁ ጨለማውን ለምዶት ነው።"

ይህን የሰሙት እትዬ በለጥሻቸው ላፕቶፓቸውን ሸሸጉ። ብሬብሩክ፣ የአውቶቡሱ ፌርማታ ፊት ለፊት ባለው ቤታቸው ገብረመድኅን ብቅ ባለ ቁጥር ላፕቶፑ ጋቢ ለብሶ አልጋ ሥር ይገባል። እሱ ደግሞ የቤተሰብ ጤና እንደሚጠይቅ ሰው፣ "ኮምፒዩተሩስ ደህና ነው?" ይላል። "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ።

የሸሸጉበት ምክንያት ነበራቸው። ባላቸው መኮንን፣ ነፍሱን ይማርና፣ የቤቱ ካሜራ ያዥ ነበር። ስለዚህ በቪዲዮዎቻቸው ውስጥ ሰው ሁሉ አለ፤ እሱ የለም። ከካሜራው ጀርባ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። በልጃቸው በኑሀሚን ክርስትና ዕለት ግን አንድ ጊዜ ካሜራውን ቡፌው ላይ አስቀምጦ ዞሮ መጣና ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ ቡናማው መጋረጃ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፤ ተመልሶ ከካሜራው ኋላ ሄደ። ሲንቀሳቀስ የሚታይበት ምስል ይኼ ብቻ ነው።

ከመታመሙ በፊት ይህን ቴፕ ኮምፒዩተር ላይ አስገልብጦት ነበር። የድሮ ቴፕ ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ ለማጥፋት የማጫወቻውን ማጣሪያ ራሱ ሲነካካ ሰነበተ፤ ሳይጨርስ አልጋ ላይ ዋለ። እትዬ በለጥሻቸው ቪዲዮውን የከፈቱት የአርባው ማግስት ነው። መኮንን ከወንበሩ ተነሣ። ወንበሩም ላይ ቀረ። ኮቱ፣ ትከሻው፣ ጉልበቱ ላይ ያረፉት እጆቹ ሳሳ ብለው እዚያው ነበሩ። ልጆች በመካከሉ ሮጠው አለፉ፤ አልተነቃነቀም። ከካሜራው ጀርባ ደግሞ ትንፋሹ ይሰማል። ድፎው እስኪቆረስ ተቀምጦ ቆየና ቀስ በቀስ ወደ መጋረጃው ሰረገ።

አማተቡ። በማግስቱ ጠበል አምጥተው ላፕቶፑን ረጩት። መኮንን አልሄደም፤ የሄደው ስፔስ ባር የሚባለው ቁልፍ ነው። ርኩስ ነገር ቢሆን ኖሮ ጠበሉን አይችልም ነበር ብለው ልባቸውን አሳረፉ። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘግተው ድፎው እስኪቆረስ አብረውት ይቀመጣሉ። ለንስሐ አባታቸውም አልነገሩም። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰውዬ አንድ ቀን አይቶት እንዳያስተካክለው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ኑሀሚን፣ አባቷን እንግዳው ሁሉ በትልቁ ቴሌቪዥን እንዲያየው ብላ ላፕቶፑን ከአልጋ ሥር አወጣች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ገብረመድኅንን ይዛው መጣች።

"እንደምን ዋሉ እትዬ በለጥሻቸው? መጋረጃውን..." ብሎ ዞር ሲል ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ቤት ገጥሞት አያውቅም፤ ደስ አለው።

"ደህና ነው እኮ ገብሬ፤ አትድከም። ዓይኔም ለምዶታል።"

"እሱ ነው ጠላቱ፣ እትዬ።"

"ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ" አለች ኑሀሚን።

ምን ብለው ይከልክሉት? ባሌ ወንበር ላይ አለ ይበሉ? ምድጃ ላይ የጣዱትን ሊያወርዱ ወደ ኩሽና ገባ አሉ። አንዲት ቃል ከሳሎን ሰሙ። "ከዜሮ።"

ሲመለሱ ምስሉ የተወለወለ መስኮት መስሎ ነበር። መኮንን መጥቶ ተቀመጠ። አገጩ ላይ የዚያን ዕለት ጠዋት ሲላጭ የቆረጠው ታየ፤ እትዬ በለጥሻቸው ይህችን ቁስል ረስተዋት ነበር። ለአንድ አፍታ ሰውየውን ሊመርቁት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ መኮንን ተነሣ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ተራ ወንበር ነው፤ ቆዳው ተሰንጥቋል።

"ተነሣ" አሉ።

"ማን፣ እትዬ?"

"ተቀምጦልኝ ነበር። አንተ አስነሣኸው።"

ኑሀሚን እናቷን አየች። እትዬ በለጥሻቸው ቀስ ብለው ሁሉንም ነገሩ፤ ድፎውን፣ ጠበሉን፣ ትንፋሹን። ገብረመድኅን ጨርሶ ሰማቸው፤ እንደ ልማዱም ሊያስረዳ አፉን ከፈተ።

"እሱ እኮ ስሕተት ነው። ማጣሪያው ሲበዛ ያለፈውን ምስል ከሚመጣው ጋር ያጣብቀዋል። ጥቁር ኮት፣ ጨለም ያለ መጋረጃ... ይቀራል።"

"ስሕተት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? የማን ስሕተት እንደሆነ ነው የምነግርህ። የመኮንን እጅ ነው። ስንት ላይ ነበር የተወው?"

የሰው ሁሉ ኮምፒዩተር ማስተካከያ በቃሉ የሚያውቀው ፊታውራሪ ይህን ቁጥር አላወቀውም። አላየውም። ሳያይ ነው የጠረገው። በዚያ ድንግዝግዝ ፊቱ ሲለወጥ እትዬ በለጥሻቸው አዩት፤ መጀመሪያ የተናደዱበትን ያህል አሁን አሳዘናቸው።

ገብረመድኅን ጃኬቱን አወለቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ምስል በማጥራት የኖረ ሰው ምስል ሊያበላሽ ጀመረ። ማጣሪያውን ገፋ፤ መኮንን ሲነሣ ጥላው ብልጭ ብሎ ጠፋ። "አልቆየም" አሉ። ጨመረበት፤ አሁን ልጆቹም ቀሩ፤ ሳሎኑ በሳሱ ልጆች ተሞላ፤ ፊት የላቸውም፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ያልፋሉ። "ዲስ ኢዝ ክሪፒ፣ ማሚ፣ ያስፈራል" አለች ኑሀሚንና ወደ ጓሮ ወጣች። መለሰው፤ ትከሻው መጣ፣ እጆቹ አልመጡም። "እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር" አሉ። ገብረመድኅን ስለ ጉልበቱ አልተከራከረም። እንዳሉት ያደርግ ነበር።

ከብዙ በኋላ መኮንን ተነሣ፤ ተቀምጦም ቀረ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። ልጆቹ በመካከሉ ሮጡ። ድፎው ተባረከ፤ ተቆረሰ። አልሄደም። እንግዶቹ ቁራሻቸውን ይዘው ከምስሉ ወጡ፤ ሳሎኑ ባዶ ሆነ። ካሜራው ሊጠፋ ሲል የሚሰማው ትንፋሽ ቆመ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው እንደተቀመጠ ነበር።

ገብረመድኅን የማጣሪያውን ቁጥር አየ። ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አየው።

"በፊትም እስከዚህ ይቆይ ነበር?"

"እስከ ድፎው ነበር።"

በዚህ ቁጥር ከድፎው በፊት መጥፋት ነበረበት። ገብረመድኅን ይህን ያውቃል፤ እሳቸውም ማወቁን ከፊቱ አነበቡ። ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው፤ ጠበቁት። እሱ ግን እጁን ከማውሱ ላይ ቀስ አድርጎ አነሣ፤ ፍላሹን ነቅሎ ከማተቡ ጎን መለሰ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ዞረና፣ ሰው ለተቀመጠበት ቤት እንደሚደረገው፣ በምስሉ ላይ ወዳለው የመኮንን ወንበር ጎንበስ አለ። መጋረጃውን አልገለጠም።

በሙት ዓመቱ ቤቱ በሰው ሞላ። እትዬ በለጥሻቸው ገብረመድኅንን ከጎናቸው አስቀመጡት፤ ከቤተ ዘመድ በፊት። ቪዲዮው ተከፈተ፤ መኮንን ተነሣ፤ ቀረም። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣው ደበላ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፣ ከኋላ ብድግ አለ።

"ጋሼ፣ ማጣሪያው በዝቶ ነው፤ ወንበሩ ላይ የሰው ጥላ ቀርቷል። በአንድ ደቂቃ ላስተካክለው?"

እትዬ በለጥሻቸው ወደ ገብረመድኅን ዞሩ። ፊታውራሪ ፒክሰል ዓይኑን ከወንበሩ ላይ ሳያነሣ መለሰ።

"ተወው፣ ዓይንህ ይለምደዋል።"