የጋሽ ኤርጫፎ ጥርስ የወደቀበት ውሃ የማን ነው?

የጆሃንስበርግ ሰው ስለ ውሃ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መጣ እና ሄደ። ሲመጣ ባልዲውን ይሞላል። ሲሄድ ጎረቤቱን «እናንተም ጋ የለም?» ብሎ ይጠይቃል፤ እነሱም ጋ ከሌለ ደስ ይለዋል። ወንዝ የለንም አልልም። አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር በኩል የሚያልፍ አለ፤ ግን እሱን ለእንግዳ ላሳይ ብሎ የወሰደ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ውሃ ባለቤት፣ ዘበኛ፣ አከራይና ደንብ ያለው ነገር መሆኑን የተማርኩት በዚህ ዕድሜዬ፣ ለሽምግልና በሄድኩበት ነው።

ሽማግሌ ነኝ ብዬ አይደለም። የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሆኜ የተመረጥኩት መኪናዬ ረጅም መንገድ ስለምትችል ነው፤ ይህንንም ማንም አልደበቀኝም። አግቢው ታምራት ዲፕስሉት በሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ጨዋ ልጅ ነው። የሚወዳት ልጅ ቤተሰቦች ደግሞ የሚኖሩት ባሕሩ አጠገብ፣ አንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ ነው። የከተማዋን ስም ልተወው፤ ዘመዶቿ አሁንም እዚያው ናቸው።

ሁለተኛው ሽማግሌ ሐጂ ሙዘይን፣ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ፣ የዙሉ ቋንቋን ከደንበኞቻቸው የለቀሙ ነጋዴ ናቸው። ዋናው ግን ጋሽ ኤርጫፎ ነበሩ። አገር ቤት የወረዳ ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እምቢ ሊል የተዘጋጀ አባት ዓይኑን እየጠረገ ልጁን ይሰጣል። የታምራት ተስፋ በሙሉ ያለው እዚያ አፍ ውስጥ ነበር።

ከቀጠሯችን ቀድመን ደረስን። ጋሽ ኤርጫፎ ባሕር በቅርብ አይተው አያውቁም ነበርና «ለአንድ አፍታ ውሃ እንይ» አሉ። የሄድንበት ቦታ ማሪና ይባላል፤ የጀልባ ፓርኪንግ በሉት። ጀልባዎቹ ተደርድረው ታስረዋል፣ በመካከላቸው ከእግር በታች የሚወዛወዝ ተንሳፋፊ መተላለፊያ አለ። ጋሽ ኤርጫፎን ነፋሱ ደስ አሰኛቸው። ንግግሬን ልለማመድ አሉና ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ጀመሩ። «የተከበራችሁ የዚህ ቤት ባለቤቶች! ከሩቅ መጥተን ደጃችሁ የቆምነው ስለ ፍ...»

ፍቅር ሊሉ ነበር። የላይኛው አርቴፊሻል ጥርሳቸው ከ«ፍ» ጋር አብሮ ወጣና ጥልቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ።

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ውሃው ጥቁር ነው። ሐጂ ጫማቸውን ማውለቅ ሲጀምሩ የበሩ ዘበኛ፣ ደልደል ያለች ሴትዮ፣ እየሮጠች መጣች። ሐጂ በዙሉ «ሳውቦና» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ነገሩን አስረዷት። አዘነች፤ ጋሽ ኤርጫፎን «ባባ» እያለች እጃቸውን ያዘች። ውሃው ውስጥ መግባት ግን ክልክል ነው አለች። ደግሞም ከቆያችሁ ውሃው ይሄዳል አለችን። የት ነው የሚሄደው? ይህን ያህል ውሃ ማን ጋ ነው የሚያድረው? ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው ወደ ማታ ይወርዳል ማለቷ ነበር። እኛ ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው ቀጠሯችን።

የጀልባው ክበብ ኃላፊ ዘንድ ሄድን። መተላለፊያውና ገመዱ የእኛ ነው፣ ውሃው የወደቡ ነው አለን። የወደቡን ሰው አገኘነው። እኛ የምናስተዳድረው የመርከቦችን መግቢያና መውጫ ነው፤ ውሃው ውስጥ የገባ ቆሻሻ የከተማው ነው አለን። ጋሽ ኤርጫፎ ቆሻሻ የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ግንባራቸው ተቋጠረ። የከተማውን ሠራተኛ በትንሽ ጀልባ ሆኖ ፕላስቲክ በመረብ ሲለቅም ደረስንበት። በጥሞና አዳመጠንና፣ የሚንሳፈፈው የእኛ ነው፣ የሰመጠውን ወደቡን ጠይቁ አለ። ከዚያ በጣም ከልቡ ሆኖ ጠየቀን።

«ጥርሱ ይንሳፈፋል?»

ሐጂና እኔ ተያየን። ጋሽ ኤርጫፎን ዞር ብለን ብናያቸው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

እንዲያው ፍርድ ልስጥ ብል የትኛው ነው ያጠፋው? ሁሉም የራሱን ቁራጭ በደንብ ያውቃል፣ ሁሉም አዝኖልናል። ጥርሱ ግን የወደቀው ቁራጮቹ በሚገናኙበት ቦታ ነው። እኔ በበኩሌ የኢንሹራንስ ሰው ሆኜ እንኳ በየት ገብቼ በየት እንደምወጣ ጠፋኝ።

ሰዓቱ ደረሰ። መኪና ውስጥ ተማከርን፤ ሐጂ ይናገሩ፣ ጋሽ ኤርጫፎ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ራሳቸውን ይነቅንቁ ተባለ።

የልጅቷ አባት አቶ ወልዴ ከነዘመዶቻቸው ተቀምጠው ጠበቁን። ሐጂ ተነሡ። በበጋ ብርድ ልብስ የሚሸጡ ሰው የሰው ልጅ ለትዳር ሲጠይቁ ላብ አጠመቃቸው። «ዕቃው... ማለቴ ልጁ ጥሩ ነው» ብለው ጀመሩና እዚያው ቆሙ። አቶ ወልዴ ጥቂት ታግሠው ወደ ነጠላው ዞሩ።

«ጋሽ ኤርጫፎ እያሉ የሌላ ሰው ንግግር አንሰማም። እርስዎ ይናገሩን።»

ጋሽ ኤርጫፎ ቀስ ብለው ተነሡ። ነጠላውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። እኔ የሰማሁት እንደ ተበሳ ጎማ ያለ ድምፅ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው «ምን አሉ?» ተብሎ ይጠየቃል? አቶ ወልዴ ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስት ወንድሟን አየች፤ ወንድምየው ለምን እንደሆነ እንጃ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ወልዴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«እንዳሉት ይሁን!»

እልልታው ቀለጠ። ተመራረቅን፣ በላን፣ ተሳስመን ወጣን። መኪና ውስጥ ሐጂ አላስችላቸው አለ። «ጋሼ፣ እንዲያው ምን ብለው ነው ያሳመኗቸው?»

ጋሽ ኤርጫፎ ከንፈራቸውን በጣታቸው ደገፍ አድርገው፣ ቃል በቃል እየለዩ መለሱልን።

«ጥርሴ ባሕር ገብቶብኝ መናገር አልቻልኩም፣ እባካችሁ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን አዙሩልን ነው ያልኳቸው።»

ፍሬን ያዝኩ። ተመልሰን እንንገራቸው ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። በመስተዋቱ ሳይ አቶ ወልዴ ደጃፉ ላይ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ጋሽ ኤርጫፎ የዳኛ ኅሊናቸው ታገላቸው መሰለኝ፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሐጂ ነጠላውን መልሰው አፋቸው ላይ ጣሉባቸውና ወደ እኔ ጮኹ።

«አንተ ልጅ፣ ንዳ!»