ያልተገኘው ጥቁር ጉድጓድ ምስክርነት

ፈልጎ ላገኘ ሰው እልልታ አለን። ፈልጎ ላጣም «አይዞህ» አናጣለትም። ፈልጎ ፈልጎ «የለም» ብሎ አረጋግጦ ለሚመለስ ግን ምን ይባላል? «እንኳን ደስ ያለህ» ቢሉት ያሾፉበት ይመስላል፤ «ያጽናህ» ቢሉት ለቅሶ ይሆናል። እናንተ የምታውቁት ቃል ካለ ንገሩኝ፤ እኔን ጨንቆኝ ያውቃል።

ያስጨነቀችኝ የእህቴ ልጅ ማህሌት ናት። ኦስሎ ለዶክትሬት መጥታ ፉሩሴት በሚባለው ሰፈር እኛ ቤት ትኖር ነበር። እኔ ቢየርቪካ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ባለቤቴ ትርሲት ላምበርትሴተር ሽማግሌዎች ትንከባከባለች። ጠዋት ጠዋት ከማህሌት ጋር በአንድ ባቡር ወደ ከተማ እንወርድ ነበር። አንድ ቀን፣ በረዶው በመስኮቱ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሲያልፍ፣ ሥራዋን ጠየቅኋት።

«አጎቴ፣ በሕዋ ውስጥ ከሚታየው ቁስ የማይታየው ይበዛል» አለችኝ። «ጨለማ ቁስ እንለዋለን። ምን እንደሆነ ያወቀ የለም። ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ጥቁር ጉድጓዶች ይሆኑ እንደሆነ ነው የምፈትነው።»

«የማይታየውን በምን ታዪዋለሽ?»

«እሱንማ አላየውም። በአንድ ኮከብ ፊት ሲያልፍ ግን ስበቱ ብርሃኑን ይሰበስበዋል፤ ኮከቡ ለጥቂት ጊዜ ይደምቅና ይመለሳል።»

ጥቁሩ ሲያልፍ ብርሃን ይጨምራል! ግንባሬን በቀዝቃዛው መስታወት ላይ አስደግፌ፣ አንድ ድምፅ የሌለው ጥቁር ነገር በከዋክብት መሃል ቀስ እያለ ሲሄድ፣ በየደጃቸው ሲያልፍ ፋኖሳቸውን ከፍ ሲያደርጉለት ታየኝ። ሁለት ፌርማታ አልፌ ነቃሁ።

ከወራት በኋላ ማህሌት እየሮጠች ገባች። «አንድ ኮከብ ደመቀችልኝ! ገና ይጣራል እንጂ!» ትርሲት የሰማችው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በምስክርነት ሰዓት ተነሥታ፣ «ልጃችን ዓለም ያጣውን ጥቁር ጉድጓድ አገኘች!» አለች። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ማህሌት ወንበሯ ውስጥ ልትሰምጥ ምንም አልቀራት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። የቆየ መዝገብ ስታገላብጥ ያቺው ኮከብ ከዓመታት በፊትም ደምቃ አገኘቻት። ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ በአንድ ኮከብ ደጅ አይመላለስም። ኮከቧ በገዛ ተፈጥሮዋ የምትደምቅና የምትፈዝ ኖራለች። ሌላም አልተገኘ። «ጨለማው ቁስ ሁሉ እኔ የምፈልገው ክብደት ያላቸው ጥቁር ጉድጓዶች ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ የሚደምቁ ብዙ ኮከቦች ይታዩኝ ነበር» አለች። «ስለዚህ አይደለም። ይህም መልስ ነው።» ዓይኗ ግን ቀልቷል።

«ናይ፣ ናይ!» አለች ትርሲት፤ ስትደነግጥ አፏ ከ«አይ» ወደ ኖርዌይኛ ይሸሻል። «ስንት ሰው ፊት ተናግሬ! ዝም ብትይስ? ከጉባኤው ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ፣ አክስቴ።»

ያን ቀን ትርሲት ስታጥብ ሳህኑ ከወትሮው በላይ ይንኳኳ ነበር።

እሑድ ማህሌት ተነሣች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው። «አገኘች የተባለልኝን አላገኘሁም። ሳጣራው ሌላ ነገር ሆነ። ጨለማው ቁስ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምን እንዳልሆነ ግን ትንሽ አውቄያለሁ።» ተቀመጠች።

እልልታም አልተባለ፣ አይዞሽም አልተባለ። ከውጭ የበረዶው ነጸብራቅ ገብቶ አዳራሹን በወተት የሞላው መሰለ፤ ሁላችንም በዚያ ውስጥ ተንሳፈፍን። ትርሲት እጇን ዘርግታ የልጅቷን እጅ ጭምቅ አደረገች።

መድረክ ላይ ያሉት ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው «ሌላ ምስክርነት ያለው?» አሉ። ቀደም ሲል ተነሥተው የነበሩ ሦስት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። እኔም ስለ ዳነው ወገቤ ልመሰክር በወረቀት ጽፌ መጥቼ ነበር። ግን ያዳነኝ ጸሎቱ ይሁን፣ ሐኪሙ ያዘዘልኝ ኪኒን፣ ወይስ የሁለት ሳምንት የሕመም ፈቃድ? ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ለመዝሙር ተነሡ ሲባልም፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ወገቤ ቀጭ አለ።