ከፊትህ ብላ

በእኛ አገር ሰው አይበላም፤ ይቀምሳል። ያላመነ ካለ ከጅጋ እስከ ቡሬ ያለውን ደጃፍ ሁሉ ይርገጥ፤ «ግቡና ቅመሱ» እንጂ «ግቡና ብሉ» የሚል ባለቤት አያገኝም። ትሪ ሙሉ እንጀራ ቀርቦለት፣ ወጡ ሁለት ጊዜ ተጨምሮለት፣ «በሞቴ» እየተባለ ጎርሶ፣ በላዩ ላይ ጠላውን የጨለጠ ሰው መንገድ ላይ ምሳ በላህ ወይ ቢሉት፣ «ኧረ ወዲያ፣ እነ እገሌ ቤት ቀመስ አድርጌ ነው» ይላል። ውሸት እንዳይመስላችሁ። ትሕትና ነው። ችግሩ ስኳር የሚባለው በሽታ ትሕትና አለማወቁ ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስኳሩ ከያዘኝ ቆይቷል፤ ተቻችለን ነበር የምንኖረው። ባለፈው ዓመት ግን አዲስ ጫማ የግራ እግሬን አውራ ጣት ላጠኝና ቁስሉ አልድን አለ። ዶክተሩ ጣቴን አገላብጦ አየና፣ ስኳሩ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ ጣቷን ልናጣት እንችላለን አለኝ። «ልናጣት» ማለቱ ገረመኝ፤ እኔ ጣቷ የራሴ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ሳቄን ግን ዋጥ አደረግሁት፤ ፈርቼ ነበርና።

ቀጥሎ ነርሷ ትናንት ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ምንም አልኋት። ስታፋጥጠኝ ጊዜ፣ ጧት ማኅበር ቤት ቀመስ እንዳደረግሁ፣ ከዚያ ጎረቤት ዝክር ስለነበረ እዚያም ቀመስ እንዳደረግሁ፣ ማታ ደግሞ ባዶ ሆድ አይታደርም ብዬ ሽሮ ቢጤ እንደቀማመስሁ ተናገርሁ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ አባቴ፣ የሚበሉትን የሚመዘግብ አፕ ስልክዎ ላይ ያስጭኑ አለችኝ።

ባሕር ዳር ያለችው ልጄ ሦስት ጫነችልኝና የሚስማማህን ምረጥ አለችኝ። የመጀመሪያው ከአጃና ከሙዝ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ እንጀራ ብዬ ብጽፍለት ፓንኬክ ማለትዎ ነው ወይ አለኝ። አሰናበትሁት። ሁለተኛው እንጀራስ ያውቃል። የሚያውቀው ግን የነጭ ጤፉን ነው፤ የዳጉሳና የበቆሎ ቅልቅል ነው ስለው ዝም አለ። በዚያ ላይ «ስንት?» ይላል። እንጀራ እየተቆረሰ የሚበላ ነገር ነው፤ ስንት ጊዜ እንደቆረሰ የሚቆጥር ሰው ቢገጥማችሁ እናንተስ አብራችሁት ትቀርባላችሁ?

ሦስተኛው ፎቶ አንሱልኝ ባይ ነው። ምግቡ ለብቻው ሳህን ላይ ቀርቦ፣ ከላይ ተነሥቶ፣ ከዚያ ቁጥር ይሰጣል። እሱን መረጥሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምበላው ብቻዬን ስለሆነ ሳህን ለብቻ ማቅረብ አላስቸገረኝም። ሽሮዬን አሳየዋለሁ፣ ያስብና ይመልስልኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳንድ ቀን ሰው ምሳ የጠራሁ ይመስለኝ ነበር። የቀመስሁትን ግን አላሳየውም። መቅመስ መብላት አይደለማ! ስለዚህ በስልኬ ላይ እንደ መናኝ የምኖር ሰው ሆንሁ፤ ቁስሉ ግን ስልኬን አላየም መሰለኝ፣ እንደነበረ ነው።

እንዲህ እንዳለሁ ኅዳር ገባ፣ የዳጉሳ አጨዳ ደረሰ፣ እኔም ሦስት ቀን ልሰንብት ብዬ ከቡሬ ወዲያ ወዳለችው መንደራችን ሄድሁ። እዚያ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። እታለም ነው የምላት፤ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። የአባታችንን ቤት ይዛ የቀረችው እሷ ናት። ገና እግሬ ከመግባቱ ትሪውን አቀረበች፤ ድንች በአልጫ፣ ጎመን፣ እንጀራው የዳጉሳ። እኔ ሆዬ ስልኬን አወጣሁና ለብቻዬ ሳህን ጠየቅሁ።

እታለም እጇን ከትሪው ላይ አነሣች። በእኛ ቤት ለብቻው የሚበላ የተጣላ ሰው ነው፤ እርቅ እስኪወርድ ድረስ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውንም ያስተማረችን እናታችን ናት። ሳህኑን አመጣችልኝ፣ ጨለፈችልኝ፣ እሷ ግን አልቀረበችም። ጥግ ላይ ተቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ምን አስቀየምሁህ?»

ጫማዬን አውልቄ ጣቴን አሳየኋት፤ ዶክተሩ ያለውንም፣ አፑ ለምን እንደተጫነም ነገርኋት። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ስልኩ ስበላ ያየኝ እንደሆነ ጠየቀች። አያይም፣ እኔ ነኝ የምነግረው አልኋት።

«አንተ? ቅቤውን በልተህ ድመቷን ያስደበደብህ?»

እኔ የልጅነታችንን ድመት ረስቻት ነበር። እሷ አልረሳችም። ሳህኑን አነሣችና መልሳ ትሪው ላይ ገለበጠችው። «ቅረብ። ከፊትህ ብላ። ከፊትህ የጎደለውን እኔ አውቀዋለሁ» አለች።

ከፊትህ ብላ! ይህን ቃል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰባት ልጆች አንድ ገበታ ዙሪያ ስንቀመጥ እናታችን የምትለው ይህንኑ ነበር። በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት ካርታ ያ ገበታ ነው። ወሰኑ አይሰመርም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ወደ ወንድሙ ፊት እጁን የሰደደ ይገሠጻል። ማን ስንት እንደበላ፣ ማን ታሞ እንደተወ፣ እናታችን በማን ፊት ምን እንደቀረ አይታ ትናገራለች። እኔ የመጨረሻው ነበርሁ፣ ቀርፋፋ በላተኛ፣ የእታለም ጎረቤት። ሁልጊዜ ግን የእኔ ፊት ድንች አያልቅበትም ነበር። ሽቅብ ሳያት እሷ ወደ ሌላ እያየች «ተንሸራቶ ነው» ትላለች። እኔም እስክነቃ ድረስ ድንች እግር ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። እሷ ስንት ቀን ሳትጠግብ እንደተነሣች ያሰብሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሦስት ቀን ያልሁት አንድ ወር ሆነ። ስልኩ በሁለተኛው ቀን ባትሪው አልቆ ዝም አለ። ጧት ጧት ወደ አጨዳው ከሷ ጋር አዘግማለሁ፣ መድኃኒቴን እሷ ታስታውሰኛለች፣ ጎረቤት «ግቡና ቅመሱ» ሲል እሷ ቀድማ «በልቷል» ትላለች። ይህን ቃል በዚያ መንደር ደፍሮ ሲናገር የሰማሁት ሰው እሷን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ድንቹን ለመጨረሻ ብዬ ወደ ጥግ ገፋ አድርጌ አቆየሁት። ቀና ብል የለም። እታለም ፊት ተቀምጧል። እሷ ወደ በሩ እያየች ታላምጣለች።

«ተንሸራተተ» አለችኝ።

መሳቅ ፈልጌ ነበር። እንባዬ ቀደመኝ። ያቺ ዘንጋዳ የምታህል መለሎ ልጅ ዛሬ ጎብጣለች፣ ጥርሶቿ ጥቂት ናቸው፣ ድንቹን ለማላመጥ ራሱ ትቸገራለች። ያን ጊዜ እንድኖር ሰጠችኝ፣ አሁንም እንድኖር ነጠቀችኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ስኳሩ ወርዶ፣ ቁስሉም መግጠም ጀምሮ ተገኘ። ዶክተሩ ጣቷ ትቀመጣለች አለ። ነርሷ ደስ ብሏት የትኛውን አፕ እንደመረጥሁ ጠየቀችኝ፤ ለሌሎቹ ሕሙማንም ልትነግር ነው። እታለም የሚባለውን ነው አልኋት። ስልኳን አውጥታ ፈለገች፣ አጣችው። ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል ወይ አለች። እዚያ ነው የሚሠራው አልኋት። አዲስ እንደሆነም ጠየቀች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው ስላት ገባትና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ፣ ታድለው አለችኝ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ሦስቱንም አፕ አጥፍቻለሁ። ምሳዬን በትሪ አቀርብና ከፊቴ እበላለሁ፤ ማዶው እንዳለ ይነሣል። እታለም ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ በባለቁልፍ ስልኳ ትደውልና ከፊቴ ምን እንደጎደለ ትጠይቀኛለች። እነግራታለሁ፣ እውነቱን። እሷም ደግ፣ በርታ ብላ ትዘጋለች። ድንቹ ግን ትሪው ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በስልክ የሚንሸራተት ነገር የለም።