ባለቤቱ ቀርቦ ይፈርም

ያለ ፊርማ እጁ የማይንቀሳቀስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጣሊያን ዘመን ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጨው ስቸረችር አንድ ጣሊያን ጸሐፊ ገጥሞኛል። ለጦር ሰፈሩ ማገዶ ሊያስቆርጥ እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ደን ድረስ መጣ፤ የምንጠጣው ምንጭ ደግሞ ከዚያው ደን ጽዶች ሥር ነው የሚፈልቀው።

«የዛፉ ባለቤት ማን ነው?» አለ በአስተርጓሚ።

«ሚካኤል» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ቀርቦ ይፈርም።»

«ከመንበሩ የሚወጣው በጥምቀት ነው፣ ጌታው።»

አስተርጓሚው የእኛው ልጅ ነው፤ ሳይስቅ ተረጎመ። ጸሐፊውም «ባለቤቱ አልተገኘም» ብሎ መዘገበና ቆራጮቹን መለሰ። አገር ያለ ፊርማ የወሰደ ሰው ለማገዶ ፊርማ ሲጠይቅ አይገርምም?

በጥምቀት ጸሐፊው መዝገቡን ታቅፎ መንገድ ዳር ቆመ። ሚካኤል ግን ብቻውን አልወጣም፤ አገሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ አጅቦት ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።