ወይዘሮ ትሩፋት ይፈርማሉ

በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራው ሌላ፣ የሚመሰገነው ሌላ ነው፤ ምስጋና ሁልጊዜ የፈራሚው ነው። ደባልቄ ይህን ከማንም በላይ ያምን ነበር።

አሶሳ አቅራቢያ ባለው የጾሬ መጠለያ የሚማሩ ስደተኞች የትምህርት ማስረጃቸው እንዳይጠፋና እንዳይጭበረበር ብሎክቼይን በሚባል የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አንዴ ከሰፈረ የሚፍቀው የለም። ስምና ውጤት አጣርቶ ለምዝገባ የሚያዘጋጀው ደባልቄ ነው። ካልተፈረመበት ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ የሚፈረመው ደግሞ ኮምፒውተር ላይ በምትሰካ፣ ፍላሽ በምታክል ቁልፍ ነው፤ ቁልፏም ያለችው በክብርት ወይዘሮ ትሩፋት አንገት ላይ ነው።

ወይዘሮ ትሩፋት ዓርብ ዓርብ ከአሶሳ ይመጣሉ። መነጽራቸውን ወልውለው «እስቲ ልየው» ይላሉ። ደባልቄ ዓይኑ እስኪቀላ ያጣራውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ፊደል በፊደል ያነቡታል። ከዚያ ቁልፏን ሰክተው ጫን ያደርጋሉ። በቃ! ደጅ የሚጠብቁት እልል ይላሉ፤ ማንጎ በፌስታል ይጎርፋል፤ ለእሳቸው።

አንዷ ተማሪማ በተሰባበረ አማርኛዋ «ኡስታዛ፣ ወረቀት አንቺ ነው የሰጠኝ፤ አላህ ይስጥሽ!» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ደባልቄ አጠገባቸው ቆሟል።

«ልጄ፣ ወንበር አቀብላት» አሉት።

አቀበለ። የዚያን ቀን ምሳ አልወርድ አለው።

ዘንድሮ ወይዘሮ ትሩፋት ጡረታ ወጡና ቁልፏ ለደባልቄ ደረሰች። ያዘጋጀ ሰው ራሱ መፈረም ስለማይችል፣ ዝግጅቱ ቤዚ ለምትባል አዲስ ሠራተኛ ተሰጠ። የመጀመሪያው ዓርብ ደባልቄ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ቤዚ ያዘጋጀችውን አነበበ፤ ደገመው። እንከን የለውም። በሩ ላይ አንድ ወጣት ቆሟል፤ የውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ምዝገባው ዛሬ ይዘጋበታል። ደባልቄ ጣቱን ቁልፏ ላይ አሳረፈ። መጫን ግን አቃተው። የልጁ ስም አንድ ፊደል ቢዛነፍ፣ ማስረጃው የሌላ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው።

ወጣ ብሎ ለወይዘሮ ትሩፋት ደወለ።

«እትዬ፣ አንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ለመፈረም ግን እጄ እምቢ አለኝ። እርስዎ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?»

«እኔማ ያን ሁሉ አነብ የነበረው አንድ ስህተት ባገኝብህ ብዬ ነው» ብለው ሳቁ።

«ለምን?»

«ቀንቼብህ ነዋ! እኔን ያቅፉኛል፤ የሠራኸው አንተ እንደሆንክ ግን ልቤ ያውቀዋል። አንድ ቀን እንኳ ብትሳሳት ምን ነበረበት?»

«ታዲያ አገኙብኝ?»

«አንድም ቀን። በል ሂድ፣ ልጁን አታቁመው።»

ደባልቄን ሴትዮዋ ድንገት ናፈቁት። ተመልሶ ገባና ፈረመ። ወጣቱ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፈው ሲመጣ፣ ትከሻውን ይዞ ወደ ቤዚ አዞረው።

«እሷን አመስግን» አለው።

ቤዚ ታቀፈች፤ ዓይኗ ግን ቁልፏ ላይ ነበር።