ጋሽ ጠጋ በሉ ማረፊያ ሲመርጡ

የትም ሂዱ፣ የትም ግቡ፣ የተቀመጠበት የማይመቸው አንድ ሰው አይጠፋም። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ሲቀመጥ ፀሐይ ይመታዋል፤ በመተላለፊያው በኩል ሲቀመጥ የሰው ትከሻ ይገፋዋል። ሠርግ ቤት ሲገባ ሙሽሮቹን ሳያይ ወንበሮቹን ያያል። የሱ ቦታ ሁልጊዜ ሌላ ሰው የተቀመጠበት ነው።

የዚያች ትንሽ የገጠር መንደር ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰው የሚያውቁት "ጋሽ ጠጋ በሉ" በሚል ስም ነው። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከገዛ አፋቸው ነው፤ የትም ሲደርሱ ከሰላምታ በፊት "እስቲ ጠጋ በሉልኝ" ይላሉ። የመቃብር ቦታው ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆኑትም በችሎታ እንዳይመስላችሁ። ኮሚቴው በተመረጠ ዕለት አዳራሹ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሊቀመንበሩ ነበር።

ይህን ሁሉ በቅርብ የሚያውቀው፣ ባያውቀው ደግሞ ደስ የሚለው፣ የልጃቸው ባል ግንበኛው ነው። ምስኪን! ልጅቱን ሲያገባ አባትየውም አብረው የሚመጡ አልመሰለውም ነበር። ክቡር ሊቀመንበሩ ያዛሉ፣ እሱ ይቆፍራል። ትእዛዙም ለመቃብሩ ከመጨነቅ የመጣ አልነበረም። ሰውዬው የራሳቸውን የመጨረሻ ማረፊያ እየመረጡ ነበር። ሞቶም የማይመች ቦታ እንዳይደርሰው ከወዲሁ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል?

መጀመሪያ ዓይናቸውን የጣሉት በበሩ አጠገብ ባለው ጥግ ላይ ነበር። እሾህና ሙጃ የወረረው ቦታ ስለነበር ግንበኛው መንጥሮ እስኪጨርስ ወገቡ ተቆረጠ። ጋሽ ጠጋ በሉ ዱላቸውን ተመርኩዘው ዞር ዞር አሉና "ኧረ እዚህስ የገባ የወጣው ሁሉ ይረግጠኛል" አሉ። ወደ ዛፉ ሥር ተሻገሩ። ደረቁ ቅርንጫፍ ተቆረጠ፣ የተጋደሙት የመቃብር ድንጋዮች አንድ በአንድ ተቃኑ፤ ያን ጊዜ የወፎቹ ጫጫታ ትዝ አላቸው። ወደ ታች ወረዱ፤ ውሃ የሚተኛበት ስለነበር ቦይ ተቆፈረ። ቦዩ ሲያልቅ ደግሞ ጎረቤታቸው ማን እንደሆነ አስተዋሉ። በሕይወቱ ሳለ ሲያንኮራፋ ሰፈር የሚቀሰቅስ ባለ ሉካንዳ ነበር።

"እሱ አጠገብ እንቅልፍ የለም" አሉ፣ ኮስተር ብለው።

"ጋሼ፣ ሰው እኮ እዚያ ከገባ በኋላ አይሰማም" አለ ግንበኛው ላቡን እየጠረገ።

"ሞተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ አላውቅም።"

"እንግዲያው ቆፍር።"

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን መንገደኛው ነበር። የመቃብር ቦታው የተጀመረው በሱ ነው ይባላል። መንደሩ ገና ጥቂት ቤቶች ሳለ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ታሞ በሰው ደጅ ወድቆ ሞተ። ሰዎቹም አልቃሽ ዘመድ የለውም፣ ቦታው እንኳ ይመርለት ብለው ከጉብታው አናት ላይ ደረቁን መሬት ሰጡት። ከዚያ ወዲህ የሞተው ሁሉ ከሱ በታች ተቀበረ። "ስሙ ለማይታወቅ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ!" እያሉ ጋሽ ጠጋ በሉ በሞተ ሰው ይቀኑ ነበር። በመጨረሻ ከመንገደኛው ጎን ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አገኙና ዙሪያውን በድንጋይ አስከበቡት። እላዩ ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ እየሞቁ ይሞክሩትም ጀመር። በዕድሜያቸው "ተመቸኝ" ሲሉ የተሰሙት ያኔ ብቻ ነው።

በመንደሩ ለኚህ ሰው ጠጋ ብለው የማያውቁ አንዲት ሴት ነበሩ፤ የግንበኛው እናት፣ የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ። በልጆቻቸው ሠርግ ላይ "እስቲ ጠጋ በሉልኝ" ሲሏቸው "ማዶ ወንበር ሞልቷል፣ እግር የለዎትም?" ብለው ንቅንቅ ሳይሉ ቀሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ።

እናትየው የሞቱት ዝናቡ እንደ ጉድ በሚወርድበት ወር ነው። ግንበኛው አልቅሶ ሳይጠግብ አካፋውን ይዞ ወጣ። ከታች ቆፈረ፣ ውሃ ሞላው። ከዛፉ ፈቀቅ ብሎ ቆፈረ፣ ውሃ ሞላው። ደረቁ ቦታ የት እንዳለ ያውቃል፤ ግን ያንን ቦታ ጋሽ ጠጋ በሉን፣ ያውም ለእናቱ ብሎ፣ ከመጠየቅ ዝናቡን አባራ ብሎ መለመን ይቀላል። ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ሽማግሌው ጃንጥላ ዘርግተው መጡ።

"ምን ይጎልትሃል? ሰዉ እኮ እየጠበቀ ነው።"

"ቦታ አጣሁ ጋሼ" አለ ግንበኛው። "ዕድሜዋን ሙሉ እጇ ከውሃ ሳይወጣ ኖራ አሁንም ውሃ ውስጥ ላስተኛት?"

ጋሽ ጠጋ በሉ ጉድጓዱን አዩት። ከዚያ በዱላቸው ወደ ጉብታው ጠቆሙ።

"እዚያ ቆፍር።"

"የእርስዎን ቦታ?"

"ነፋስ ይበዛዋል፤ ለወገቤ አይሆነኝም።"

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ግንበኛው ሲቆፍር ሽማግሌው ጃንጥላውን ከራሳቸው ላይ አንስተው በጉድጓዱ ላይ ዘረጉት፤ ቁፋሮው እስኪያልቅም ዝናቡ እሳቸውን ደበደባቸው። አፈሩ እስከ ታች ድረስ ደረቅ ነበር።

ዝናቡ ባባራ በሳምንቱ ጋሽ ጠጋ በሉ ዱላቸውን ይዘው አጥሩ ጥግ ሲዞሩ ታዩ። "ጀመራቸው ደግሞ!" ብሎ መንደርተኛው ሳቀ። ግንበኛው ዙሪያውን ቃኘ። እሾህ የለም፣ የወደቀ ድንጋይ የለም፣ ቦዩ ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ ሙታኑ ሁሉ የተጠበቁት በአንድ ራስ ወዳድ ሽማግሌ መነጫነጭ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠራ አካፋውን አንስቶ ሄደ።

"ይሄኛውስ ምን ይመስልሃል?" አሉት። ሐሳቡን ጠይቀውት አያውቁም ነበር።

ግንበኛው መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገው። ጥላ አለው፣ ከመንገድ ይርቃል፣ አፈሩም ልል ነው። አንዲት እንከን አላገኘበትም። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው፤ በዚያ ዝናብ የያዛቸው ሳል ገና አልለቀቃቸውም።

"አይረባም ጋሼ" አለ፣ እጃቸውን ይዞ እየመለሳቸው። "ሌላ እንፈልጋለን።"