ምሕረት የማይገባቸው ሰው

የደፈረሰ ውሃ እንኳ ትተውት ቢሄዱ በራሱ ጊዜ ይጠራል። የመንግሥት ነገር ግን ሲተውት ይብሱን ይደፈርሳል። ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሱሉልታ ላይ የወረዳ ጸሐፊ ነበርኩና «ጉዳዩ እስኪጣራ ተይዞ ይቆይ» የሚለውን ቃል በዚህ እጄ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ምቹ ቃል ነው። ክስ አይፈልግ፣ ምስክር አይፈልግ፣ ዳኛ አያስቸግር። እስከ መቼ ነው የሚል ሞገደኛ ቢመጣም መልሱ እዚያው ውስጥ ተጽፎለታል፤ እስኪጣራ ነዋ! ማን ነው የሚያጣራው ካላችሁ ግን እሱን እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነበርኩ።

ኦቦ ደበላ የተያዙት በአንድ ጥያቄ ነው። ያለ እሳቸው ሽምግልና ባልና ሚስት የማይታረቅ፣ በመንደሩ የተከበሩ ገበሬ ነበሩ። አንድ የከተማ ትልቅ ሰው የመንደሩ ከብት የሚግጥበትን መስክ በአጥር ሲያስከልል ጊዜ፣ ገበያ መሐል ቆመው «ይህ መስክ ከመቼ ወዲህ ነው የአንድ ሰው የሆነው?» አሉ። አለቀ። በሦስተኛው ቀን ለጸጥታ ሲባል ተይዘው ይቆዩ የሚል ትእዛዝ ደረሰን።

ታናሽ ወንድማቸው ቱሉ ይህን እንደሰማ ምንሽር ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደ።

«ኦቦ፣ ይነሱ! ጫካ እንግባ» አላቸው።

«አንተ አንድ ጥይት ብትተኩስ ከነገ ጀምሮ ስለ መስኩ የሚያወራ አይኖርም፤ የሚወራው ስለ ጥይቱ ነው» አሉት።

ቱሉ ከቡራዩ በስተጀርባ ወዳለው ጫካ ገባ። ኦቦ ደበላ ደግሞ አጎዛቸውን በክንዳቸው፣ ቆሏቸውን በኪሳቸው ይዘው በእግራቸው ቢሮአችን መጡና «ነጋን ቡልተኒ?» አሉን። በሰላም አደራችሁ ወይ ማለታቸው ነው። ሊታሰር መጥቶ የአሳሪውን አዳር የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ችግሩ ማሰሪያ አልነበረንም። እስር ቤታችን አንዲት ክፍል ናት፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ከታጠረው መስክ ለወረዳ ገዢያችን ለግራዝማች በስጦታ የመጣ ድርቆሽ እስከ ጣሪያዋ ሞልቷታል። ድርቆሹን ዝናብ ላይ ከማውጣት ሰውየውን ማመላለስ ይቀላል። ስለዚህ ግራዝማች «ጠዋት ጠዋት እየመጣህ ታሰር፤ ሲመሽ ቤትህ ግባ» ብለው ፈረዱ። ወደ እኔ ዞረውም «በየጠዋቱ ቀርቧል ብለህ ጻፍ፤ አንድ ቀን የቀረ እንደሆነ ሸፍቷል ብለህ ጻፍ፤ መሬቱ ይወረሳል» አሉኝ።

አምስት ወር ተመላለሱ። የእስር ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ፤ የገዛ መስካቸው ድርቆሽ በበሩ ስንጥቅ እየሸተታቸው። ገብሳቸው ሰብሳቢ አጥቶ ማሳው ላይ ረገፈ። አገሩ ግን ይስቅ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ያላለ አልነበረም። ልዋሻችሁ አልችልም፤ እኔም ስቄያለሁ።

ቱሉስ? ቱሉማ ገነነ። ሰማዩን ጥቂት ጊዜ ተኮሰበት፣ የነጋዴ በቅሎ ነዳ፣ ተዘፈነለት። በኋላ ሽማግሌ ገባና አንድ ሰኞ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ግራዝማች እግር ላይ ወደቀ። ምሕረት ተደረገለት። ምሕረት ብቻ አይደለም፤ የዚያው ጫካ ዘበኞች አለቃ ተብሎ ተሾመ፤ አዲስ ጠመንጃም ጨመሩለት። ጫካውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ከየት ይመጣል?

ኦቦ ደበላ ይህን ሁሉ ከግድግዳቸው ሥር ሆነው አዩና ተነሡ።

«ግራዝማች፣ እኔንስ አይምሩኝም?»

ግራዝማች የእውነታቸውን ተገረሙ። «ምሕረት እኮ ለጥፋተኛ ነው። አንተ ምን አጠፋህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ከምኑ ልማርህ?»

«እንግዲያው ይልቀቁኝ።»

«ጉዳይህ ሳይጣራ?»

ቱሉ በሹመቱ አፈረ መሰል፣ ጠጋ ብሎ «ኦቦ፣ አሁንም አልመሸም፤ አሁን ጠመንጃው ሁለት ሆኗል» አላቸው። ኦቦ ደበላ ጎንበስ አሉና ቱሉ የጣለውን ድንጋይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ግራዝማች ይቅርታ ሊጠየቁ ነው ብለው ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ኦቦ ደበላ ግን ወደ ቢሮው በር ሄደው ድንጋዩን ከደፉ አጠገብ ቀስ አድርገው አኖሩት።

«ይኸ የእናንተ ነው» አሉ። «ተሸክማችሁ ስትመጡ ይቅር እላችኋለሁ፤ ቤቴን ታውቁታላችሁ።»

በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዘበኛው እኔን አየ፣ እኔ ግራዝማችን አየሁ፣ ግራዝማች ድንጋዩን አዩ። ያስቆማቸው የለም።

በማግሥቱ ግድግዳው ሥር ባዶ ነበር። መዝገቡን ገልጬ ብዕሬን አነሣሁ። ሸፍቷል ብዬ ብጽፍ መሬታቸው ይሄዳል፤ አሳድዶ እንዲይዛቸው የሚላከውም አዲሱ ሹም ቱሉ ነው። «ቀርቧል» ብዬ ጻፍኩ። ግራዝማች ከሥሩ ፈረሙ፤ አንብበው ይሁን ሳያነቡ አላውቅም፤ ጠይቄያቸውም አላውቅ። ወደ ሰበታ እስክዛወር ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ጻፍኩ። በመዝገባችን መሠረት እንደ ኦቦ ደበላ ያለ ታዛዥ እስረኛ በወረዳው ታይቶ አይታወቅም፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም ዓመት ገብሳቸውን አጭደው በሰላም አስገብተዋል።

ድንጋዩን የተሸከመው የለም። ባለጉዳይ ተራ ሲጠብቅ ይቀመጥበት፣ ዘበኛው ጫማውን ያስርበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስሞቅ እኔም ተቀምጬበታለሁ።

ይመቻል።